እምዬ እቴጌን ለቅሶ የደረሰች ዕለት

ይድረስ ለእታለሜ ለእፀገነት፤

እንደምን ከርመሻል? የድሬዳዋ ሙቀት እንዴት ይዞሻል? ፊልጶስስ እንደምን ነው፣ ያ ወገቡ ተሻለው ወይስ አሁንም ከወንበር ሲነሣ ግድግዳ ይይዛል? አምሐ ትምህርቱን እንዴት አደረገው? ትንሿ የትነበርሽስ ጥርሷ ሞላ፣ አፏ ተፈታ? እኛ በቸሩ አምላክ ፈቃድ ሁላችንም ደህና ነን። ጾሙ ገና ከመጋመሱ ሽሮ ሰለቸኝ እያለ ወንዴ ያማርራል እንጂ ሌላ የጎደለብን የለም። ናፍቆትሽ ግን ይመጣል ይሄዳል፤ በተለይ እሑድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ።

በስልክ መናገር እየቻልሽ ምን አስጻፈሽ ትዪኝ ይሆናል። እምዬ ቤት ውስጥ እያለች በስልክ አንድ ወሬ ከዳር ማድረስ እንደማይቻል ታውቂያለሽ። ገና ድምፅሽን ስትሰማ ከእጄ ትነጥቀኛለች፤ ከነጠቀችኝ በኋላም ያለ ስልክ ድሬዳዋ ድረስ ልታሰማሽ የፈለገች ይመስል ትጮኻለች። ደግሞ ይህን ነገር ልብስ እያጠብሽ እንድትሰሚው አልፈለግሁም፤ ቁጭ ብለሽ እንድታነቢው ነው። የፊልጶስ የአጎት ልጅ ትዕዛዙ ወደ እናንተ በአውሮፕላን ሊመጣ ነው ሲሉኝ ጊዜ ብዕሬን አነሣሁ። የምጽፍልሽ ክፉ ወሬ አይደለምና አትደንግጪ።

እምዬ ከጭልጋ የመጣችው ለዓይኗ እንደሆነ ነግሬሽ ነበር። ሞራው ከግራ ዓይኗ ተነሣላት። ፋሻው ሲፈታ መጀመሪያ ያየችው የእኔን ፊት ነው፤ አይታም ምነው እንዲህ አረጀሽ አለችኝ። ባሌ ወንዴ ሳቁን የሚደብቅበት ቢያጣ ወደ ኮሪደር ወጣ። ሐኪሙ ለአንድ ወር ዓይኗን እንዳታሽ፣ ጭስ እንዳትቀርብ፣ ከሁሉም በላይ እንዳታለቅስ አጥብቆ ነገራት። እሷም ሁለት ዓመት ሙሉ ሳላለቅስ የኖርሁ ሴት አንድ ወር ምን ይከብደኛል ብላ መለሰችለት። ሐኪሙ ጨዋታ መስሎት ሳቀ። እኔ ግን አልሳቅሁም፤ አንቺም ብትኖሪ አትስቂም ነበር።

ያኔ አብረሽን አልነበርሽምና ያላየሽውን ልንገርሽ። ወንድማችን የሺዋስ መተማ ሰሊጥ አጨዳ ወርዶ ወባ የገደለው ጊዜ መንገዱ ሁሉ ተዘግቶ ስለነበር አብረውት የወረዱት ልጆች እዚያው በረሃው ላይ ቀበሩት። መርዶው ጭልጋ ሲደርስ አንቺ የትነበርሽን ከተገላገልሽ ሳምንት አልሞላሽም። እምዬ አራስ ላይ መርዶ አይነገርም፣ ወተቷ ይደርቃል ብላ ዘመድ አዝማዱን ሁሉ አስማለች። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ እንደሚባለው አንቺ ስትሰሚ ድንኳኑ ፈርሶ፣ ተዝካሩም ወጥቶ ነበር። ከሰማሽም በኋላ የታቀፍሻትን ልጅ እያሳዩ ዝም በይ፣ ዝም በይ እንዳሉሽ ፊልጶስ ነግሮኛል።

እስካሁን ያልነገርሁሽ ግን እምዬ በዚያ ድንኳን አንዲት ስንኝ እንኳ አለማውጣቷን ነው። እስቲ አስቢው። በጭልጋ ምድር ሙሾ አውራጅ ሲባል ብርቄን ጥሩ የሚባልላት ሴት። ሰው በሞተ ቁጥር በቅሎ የሚላክላት፣ ስለ ሟቹ አንድ ሁለት ነገር ጠይቃ መንገድ ላይ ግጥሙን ጨርሳ የምትደርስ እናታችን። አንቺ እንኳ በልጅነትሽ ከጎኗ ተቀምጠሽ ስትቀበዪ ያገሩ ሴት ይቺ ልጅ የእናቷን አፍ ወረሰች ይል ነበር። የሺዋስ ጋቢና ባርኔጣ አልጋ ላይ ተዘርግቶ ለቀስተኛው እሷን እሷን ያያል፤ እሷ ዝም። ሰዉ ሲጨንቀው ጎረቤታችን ይመኙሽ በዚያ በሸካራ ድምፅዋ ተነሥታ እንደምንም አወረደችው። እምዬ አስከሬን ሳላይ ለማን ብዬ ላልቅስ አለች።

ከዚያ ወዲህ ለባዕድም ቢሆን አውርዳ አታውቅም። ሲጠሯት ጉሮሮዬን ይዞኛል ትላለች። እህል ሲቀርብላት ነካ ነካ አድርጋ ትተዋለች፤ ማታ ስትገላበጥ ታድራለች። ዓይኗ ድኖ ሳለ ሰውነቷ እያለቀ ሲሄድ አይቼ፣ እታለሜ፣ ይህ ያልወጣ ሐዘን እናታችንን ይዟት እንዳይሄድ በጣም ፈርቼ ነበር።

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ። ትምህርት ቤታችን ለሴቶች ቀን በታሪክና በሥነ ጽሑፍ ስማቸው የሚነሣ ሴቶች ይቅረቡ ተባለና፣ የታሪክ አስተማሪ ነሽ ተብዬ ሥራው እኔ ላይ ወደቀ። ልጆቹን ምረጡ ብላቸው ከግማሽ በላይ የሆኑት እቴጌ ምንትዋብን መረጡ። ምነው ሁላችሁም ብላቸው ቅርብ ናት፣ በባጃጅ ይደረሳል አሉኝ። ኤልሳ የምትባል አንዲት ነገር ወዳድ ተማሪ አለችኝ፤ እሷ ደግሞ ቲቸር፣ ከነገሥታት ቤት ውጪ ሰው የሚያወራላት ሴት የለችም ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ሰብለ ወንጌልን ብጠራላት እሷም እቴጌ ናት አለችኝ፤ ወለተ ጴጥሮስን ብላት እሷም የመኳንንት ዘር ናት አለች። እኔው ያስተማርኋትን መልሳ እያነበበችልኝ እንዴት ልቆጣት? ምንትዋብ ደብር ቁስቋም ደርሰን እንነጋገራለን ብዬ አሳለፍኋት።

የዚያን ቀን ራት ላይ ለወንዴ ነገ ልጆቹን ቁስቋም ወስጄ የእቴጌን አጽም አሳያቸዋለሁ ስለው እምዬ ጆሮዋን ጣል አድርጋ ኖሯል። የማን አጽም አለች። የምንትዋብ አልኋት። የቋራዋ ምንትዋብ? አዎ። እስከ ዛሬ አፈር አልቀመሰችም? ሣጥን ውስጥ ናት፣ በመስታወት ትታያለች አልኋት። እምዬ የጠቀለለችውን እንጀራ መልሳ ሳህኑ ላይ አኖረችው። ቋራ ማለት እኮ ጎረቤታችን ነው፣ እኔም እሄዳለሁ አለች። ከተማ ማየት አምሯት መስሎኝ ደስ አለኝ።

ጠዋት ስወጣ ጥቁር ቀሚሷን ለብሳ፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ መቀነቷን ጠበቅ አድርጋ በር ላይ ቆማለች። እምዬ ይህ ምንድን ነው ብላት፣ ለቅሶ ቤት በጌጥ ልብስ ይኬዳል ወይ ብላ መለሰችልኝ። እንዴ፣ ከሞተች ሁለት መቶ ሃምሳ ዓመት አልፏታል እኮ ብላት፣ ታዲያ ዘግይተናላ፣ ቶሎ በይ አለችኝ። ዓይንሽን አደራ፣ ሐኪሙ ያለውን አትርሺ ብዬ ባጃጅ ውስጥ አስገባኋት። ከፒያሳ ተነሥተን የቁስቋምን ዳገት እስክንጨርስ አልተነፈሰችም፤ ከንፈሯ ብቻ ይንቀሳቀሳል። ውዳሴ ማርያም የምትደግም መሰለኝ። ሞኝነቴን አየሽልኝ? ግጥም ስትቋጥር እንደዚያ እንደምታደርግ ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀው የለም ወይ።

አጽሙ ያለበትን ክፍል የሚከፍቱልን ሽማግሌ አያ አዘዘ ይባላሉ። ልጆቹ ስልካቸውን ደግነው ተጋፍተው ገቡ። እኔም እንደ ልማዴ ጉሮሮዬን ጠርጌ፣ ግንቡን እንዳሠራች፣ ደብሩን እንደተከለች፣ ልጇን ኢያሱንና የልጅ ልጇን ኢዮአስን ቀብራ እሷ እንደቀረች ማውራት ያዝሁ። ልጇን ቀብራ ስል እምዬ ልጆቹን በክርኗ እየገፋች ወደ ፊት አለፈች። በዚያች በዳነች ዓይኗ ሣጥኑን ጎንበስ ብላ አየችው፤ ረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ ወደ ሽማግሌው ዞራ፣ አያ፣ ይቺ ሴት አልቃሽ የላትም ወይ ብላ ጠየቀች። አያ አዘዘም ጎብኚ በየቀኑ ይመጣል፣ አልቃሽ ግን እኔ እዚህ ከተቀመጥሁ አይቼ አላውቅም አሏት። እምዬ እንዲህ አለች፦ «እኔ አልቃሽ ሆኜ ሬሳ የለኝ፤ እሷ ሬሳ ሆና አልቃሽ የላት።» ይህን ብላ ደረቷን በመዳፏ መታ መታ አደረገችና ያን ሁለት ዓመት ያልሰማነውን ድምፅ አወጣችው።

ያን ሁሉ ግንብ ሠርተሽ፣ ያን ሁሉ አዳራሽ፣
እንዴት ትተኛለሽ አጥተሽ አንዲት አልቃሽ።

መጀመሪያ ልጆቹ ሳቁ። አልፈርድባቸውም፤ ታሪክ ሊማሩ መጥተው ለቅሶ ላይ መውደቃቸው ነው። አያ አዘዘ ሊከለክሏት እጃቸውን አነሡ፤ ምን እንደታያቸው እንጃ፣ መልሰው አወረዱት። ሳቁን የቆረጠችው ያቺ ነገር ወዳድ ኤልሳ ናት። አያቷ የእንፍራንዝ ሰው ናቸው፣ ከእሳቸው ጋር ለቅሶ ስትደርስ ነው ያደገችው፤ እምዬ አጠገብ ቆመችና ወይኔ፣ ወይኔ እያለች መቀበል ጀመረች። ተቀባይ ሲገኝ የእምዬ ድምፅ ጠነከረ። ስለ ቋራ አወጣች፣ ስለ ዘውዱ አወጣች። ከዚያ ግንባሯን መስታወቱ ላይ አድርጋ ቀስ ብላ ይህችን አለች፤

እቴጌ ታድለሻል፣ አጥንትሽ ይታያል፤
የኔ ልጅ አፈሩ በምኑ ይለያል።

የሺዋስ ብላ ስሙን ጠራች። ከሞተ ጀምሮ ስሙን ስትጠራ የሰማኋት ያኔ ነው። እኔ ምን ሆንሁ መሰለሽ፤ አስተማሪነቴንም፣ ስልክ የደገኑትን ልጆችም፣ ሐኪሙንም ረሳሁና እግሯ ሥር ተቀምጬ ከእሷ ጋር አለቀስሁ። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም የሚባለው እውነት ነው። ልጆቹ ስልካቸውን ኪሳቸው ውስጥ ከተቱ፤ ማንም አላዘዛቸውም።

ከዚያ እየጎተትሁ ወደ ሐኪሙ ወሰድኋት። ዓይኗ ደህና ነው፣ ቁስሉ አልተነካም አለ፤ ቁጣው ለእኔ ተረፈ። ማታ እምዬ ድርሻዋን በልታ ሽሮ ጨምሪልኝ አለች፤ ወንዴም ከዚያ ቀን ወዲህ እሷ ፊት ሽሮ አያማርርም። ከተኛች በኋላ ሁለት ሦስት ጊዜ ገብቼ ትንፋሿን አዳመጥሁ፤ ሳትገላበጥ አደረች።

በሴቶች ቀን ኤልሳ የእምዬን ግጥም መድረክ ላይ ልበል ብላ እቤት ድረስ መጥታ ለመነቻት። እምዬ አይሆንም አለች። የሙት ግጥም በጭብጨባ ቤት አይባልም፣ ሟቹንም ያስቀይማል አለቻት። ኤልሳ ስለዚህ ግጥሙን ትታ ሴትዮዋን አቀረበች። በጭልጋ ብርቄ የምትባል ሴት እንዳለች፣ ማንም ያልጻፈላቸውን ገበሬዎችና እናቶች በየስማቸው በግጥም እንደሸኘች፣ ይህም ሥነ ጽሑፍ መሆኑን ተናገረች። እታለሜ፣ የመጻሕፍቱን ሴቶች ሳስተምር ስንት ዓመቴ፤ የወለደችኝን ከእነሱ ጋር ቆጥሬያት አላውቅም ነበር። ስሟ ከምንትዋብ ቀጥሎ ሲጠራ ኩራት አንገቴን አቆመው። እምዬ ግን ከፊት ወንበር ሆና፣ ከእቴጌ ጋር በአንድ አፍ ሲጠሩኝ ነውር አይሆንም ወይ እያለች ታሳስቀኝ ነበር።

ያን ሳምንት ሁሉ ለየሺዋስ አወጣችለት። ሳህን ሳጥብ፣ ልብስ ሳጥፍ አጠገቤ ተቀምጣ ስለ እርሻው፣ ስለ ሳቁ፣ ስለዚያ ጠማማ ባርኔጣው አንድ በአንድ አወጣች፤ እኔም እንደ ነገሩ ተቀበልሁ። ለፋሲካ ጭልጋ እመለሳለሁ፣ ይመኙሽ ብቻዋን አገሩን እያስጨነቀችው ነው ትላለች። ከመሄዷ በፊት ግን የቀራት አንድ ነገር አለ። የወንድም ለቅሶ ታላቅ እህቱ ሳታወጣለት አይዘጋም አለችኝ። እኔ አለሁ አይደል ወይ ብላት፣ አንቺ ድንኳኑ ውስጥ ድርሻሽን አልቅሰሻል፣ እሷ ግን ድርሻዋ ተይዞባታል፣ የያዝሁባትም እኔ ነኝ አለች።

ፊልጶስን ሰላም በዪልኝ፣ ወገቡንም ይጠንቀቅ። አምሐን ግንባሩን ሳሚልኝ፤ የታሪክ ጥያቄ ካለው ለአክስቱ ይላክ። የትነበርሽን ሁለት ጉንጯን ሳሚልኝ። ወንዴ ሰላምታዬ ይድረስ ብሏል። ጭልጋ ያለው ዘመድ ሁሉ፣ ይመኙሽም ጭምር፣ ሰላም ብሎሻል። እምዬ ዓይንሽን ትስማለች። የላከችልሽም ይህችን ናት፤

ወንድም የሞተባት እህት ምን ትላለች፣

ሁለተኛዋን መስመር አላወጣችም፤ ልሞክር ብላትም ከለከለችኝ። ያንቺ ናት። አልቅሺ፣ እታለሜ፤ አሁን አራስ አይደለሽም።

ታናሽ እህትሽ ዓይናለም
ጎንደር፣ ቀሐ
መጋቢት ፮ ቀን ፳፻፲፰ ዓ.ም.