ለሲስተሯ የዘረጋኸው እጅ

ተክልዬ፣

እንዴት ነህ ብዬ የማልጠይቅህ ሰው ሆነህ ቀረህብኝ። ከሆስፒታል ዋርድ ይዘኸው የመጣኸው ተስቦ አንተን ከነጠቀኝ እነሆ ዘጠኝ ወር ሞላ። እናትህ አንተ የሌለህበት ቤት ከበዳቸውና ወልቂጤ ወንድምህ ዘንድ ሄዱ። በርበሬው ዘንድሮ አምሯል። ጫማህ አሁንም ከበሩ ጀርባ ነው፤ ማንም አይንካው ብያለሁ።

የምጽፍልህ ግን ይህን ላወራህ አይደለም። ሲስተር አልማዝ መጥታ ነበር። አዎ፣ እሷው ራሷ።

ያን የጃንሆይ ልደት ታስታውሳለህ? አዲስ አበባ ኦፕራሲዮን መማር በጀመርክ በአራተኛው ወር ፈቃድ አግኝተህ ቡታጅራ መጣህ። ታጥበህ ተቀመጥክ፣ ሥጋ አቀረብኩልህ። ዓይንህን ከሥጋው ሳትነቅል፣ ቃል ሳትተነፍስ፣ ቀኝ እጅህን ዘርግተህ ቀረህ። እኔ ሞኟ፣ መታጠብህን ረስቼ ማስታጠቢያውን አነሳሁና ውሃ አፈሰስኩብህ። ሱሪህ እስከ ጉልበትህ ራሰ። ለካ የፈለግኸው ቢላ ኖሯል! በሳቅ እየፈረስክ ነገርከኝ፤ ኦፕራሲዮን ክፍል ውስጥ እጅ ይዘረጋል እንጂ አፍ አይከፈትም አልክ። ሲስተር አልማዝ ቁስሉን ብቻ አይታ መቀስም ይሁን መቆንጠጫ የሚያስፈልግህን መዳፍህ ላይ ታሳርፍልህ ኖሯል።

አንተ ሳቅህ፣ እኔ ተቃጠልኩ። አራት ዓመት አብሬህ ኖሬ ያላወቅሁትን ያንተን ፍላጎት አንዲት ሴት በአራት ወር አወቀችው?

ከዚያ ወዲያ አስተምረኝ ብዬ ሙጭጭ አልኩብህ። በመጣህ ቁጥር ከጓሮ የእንሰት ቅጠል ቆርጠህ ትሰነጥቅና መልሰህ ትሰፋው ነበር። ክሩን ትንሽ ጠበቅ ካደረጉት ቅጠሉ ይቀደዳል፤ ከዚህ የተሻለ አስተማሪ የለም ትል ነበር። እኔ ለመለማመጃ ከሆስፒታል ያመጣኸውን የመሣሪያ ቆርቆሮ ሣጥን ጭኔ ላይ አድርጌ አቀብልሃለሁ። መቀስ ስትፈልግ መርፌ መያዣውን እየሰጠሁ ስንቴ አበሸቅኩህ! ስፌት ማቀራረብ ነው እንጂ ማነቅ አይደለም ያልከኝ፣ ስለ ሲስተሯ ለሦስተኛ ጊዜ ስጠይቅህ ነው። ስለ ቅጠሉ እንዳልሆነ ገብቶኛል።

ባለፈው ቅዳሜ ከአውቶቡስ ወርዳ ቤታችንን ጠያይቃ መጣች። አስቀያሚ በሆነች ብዬ ስንት ጊዜ ተመኝቼ ነበር፤ አይደለችም። ቆንጆ ናት፣ እግዜር ይይላት። የመጣችው ለቆርቆሮ ሣጥኑ ነው። የሆስፒታሉ ንብረት ስለሆነ አዲስ ተማሪ እንዲለማመድበት ተፈልጓል አለች። ሆዴ እምቢ አለ። እሷ በየቀኑ ከጎንህ ቆማለች፤ እኔ የቀረኝ ይኸው ሣጥን ነው። አልሰጥም ልላት ቆረጥኩ።

ቢሆንም እንግዳ ናትና ምሳ አቀረብኩ። እጇን ዘረጋች፣ ውሃ አፈሰስኩላት። ድንገት ሳቀች፣ ወዲያው ደግሞ እንባዋ መጣ። ለካስ የዚያን ዕለት ጉዴን ለሁሉም አውርተህልኛል! መሣሪያ በዘገየብህ ቁጥር፣ አስካለ ብትሆን ይሄኔ ውሃ አፍስሳብኝ ነበር ትላቸው ነበር አሉ። አንተ ካለፍክ በኋላም አንዱ ሐኪም ቸኩሎ እጁን ከዘረጋ፣ አስካለን ጥሩለት ይባባላሉ አለችኝ። መጀመሪያ ተናደድኩ፤ የኔን ሞኝነት ለሷ! ኋላ ግን ወጥ ላወጣ ብዬ ጓዳ ገባሁና አለቀስኩ። አንድ ቀን እንኳ ባልረገጥኩት ክፍል ስሜ ይጠራል፣ ያውም በየቀኑ።

ሣጥኑን አመጣሁት። ከፈትኩና አንድ በአንድ አቀበልኳት፤ መቆንጠጫውን፣ መርፌ መያዣውን፣ መጨረሻ ላይ መቀሱን፣ ስሙን ሳትጠራልኝ፣ አንተ ለስፌት በምትፈልግበት ተራ፣ እጀታውን ወደ እሷ እያዞርኩ። አንዱንም አልተሳሳትኩም። መቀሱን እንደያዘች እጄን ታይ ጀመር። የቀናችብኝ መሰለኝ። ይቅር ይበለኝ፣ ደስ አለኝ።

ቅናቴ ግን መች ይለቀኛል፤ አሁን ደግሞ አንተ ወዳለህበት ዞሯል። እንግዳ በመጣ ቁጥር፣ ውሃ በእጅ ላይ ባፈሰስኩ ቁጥር አስብሃለሁ፤ ማስታጠቢያውን እስክሞት ለሌላ ሰው አልለቅም። አንተም እዚያ እጅህን ለማንም አትዘርጋ። እኔ እስክመጣ ሰብስበህ ጠብቀኝ።

አስካለህ