ጀርባቸው ላይ የተዘቀዘቁት ወፎች

ኅዳር 3
ሥራ እንደ ወትሮው። ለልጆች ክሊኒክ ነርሶች የሚሰፋውን ጋውን ሥዕል ጨረስኩ። ነጭ ጋውን የለበሰች ሴት ፎቶ አለኝ፤ አንድ ከፊት፣ አንድ ከኋላ። ቢጫ ወፎች ያሉበትን ጨርቅ ኮምፒውተሩ ላይ አለበስኳት። እጥፋቱ ጋ ጥላው እንዲታይ ሳደርገው ወፎቹም አብረው የታጠፉ መሰሉ። ከእውነተኛ ልብስ አይለይም! የስፌት ቤቱ ባለቤት እትዬ "ጎሽ፣ እጅሽ ይባረክ" አሉኝ። ክሊኒኩም ወዲያው ወደደው። ሠላሳ ጋውን አዘዘ...

ትከሻው ላይ ስፌት አይኑር ያልኩት እኔ ነኝ። ከፊት ወደ ኋላ አንድ ወጥ ጨርቅ። ሥዕሉ ላይ ያምራል።

ኅዳር 5
ቆራጫችን ጋሼ ሜትራቸውን አንገታቸው ላይ ጣል አድርገው የክፍሌ በር ላይ ቆሙ።
"ልጄ፣ ወፎቹ ጀርባም ላይ ቀና ብለው ነው የሚቆሙት?"
"አዎ ጋሼ፣ ሥዕሉን ይዩት።"
ከስክሪኑ ቀና እንኳን አላልኩም። ሌላ ምን ነበር... ዝናብ። ጫማዬ ውሃ አስገባ።

ኅዳር 14
ክሊኒኩ ጋውኖቹን መለሰ። ከፊት ወፎቹ ቆመዋል። ከኋላ፣ በሠላሳዎቹም ላይ፣ በጭንቅላታቸው ተዘቅዝቀዋል። ያመጣቻቸው ሲስተር እየሳቀች "ልጆቹ ወፎቹ ሞተዋል ወይ እያሉ ይጠይቁናል" አለች። እትዬ አልሳቁም።

ጋሼ ላይ ጮሁባቸው። በሠራተኛው ሁሉ ፊት። ለወትሮው እርስዎ ነበር የሚሏቸው፣ ዛሬ አንተ ሆነ። "ሥዕሉ ቁልጭ አድርጎ ያሳይህ የለም እንዴ? ዓይንህ ደክሟል!"

ጋሼ ጋውኑን አገላብጠው አገላብጠው "እንግዲህ... ደክሞ ይሆናል" አሉ።

እኔስ? አንገቴን ደፋሁ።

ኅዳር 15
ፋይሉን ከፈትኩ። ገባኝ። አንድ ጨርቅ ትከሻ ላይ ታጥፎ ወደ ኋላ ሲወርድ ወፉ መዘቅዘቁ አይቀርም። ቤት ሥዕል ያለበት ፎጣ ትከሻዬ ላይ ጥዬ በመስታወት አየሁት፤ ለሕፃን ይገባዋል። ኮምፒውተሩ ላይ ግን ፊቱ አንድ ሌየር፣ ለብቻው የሚነሳ ንጣፍ፣ ጀርባው ሌላ ሌየር ነው። የጀርባውን ወፎች እኔው አዙሬ ቀና አድርጌያቸዋለሁ። ስሙን ሳይቀር ጽፌበታለሁ፦ "ጀርባ፣ የዞረ"።

ከዚያ ምን አደረግኩ? ሌየሮቹን በሙሉ አንድ ላይ ደፈጠጥኳቸው። አሁን ፋይሉ ተራ ፎቶ ነው። ማዞሬን ማንም አያውቅም። ከእኔ በቀር።

ኅዳር 17
ጋሼ አልመጡም። ዓይናቸውን ሊታዩ ሄደዋል አሉ።

ኅዳር 19
ዛሬም የሉም። እትዬ ሌላ ቆራጭ እያፈላለጉ ነው። ማታ እህቴ "ምነው፣ እህሉን ትቆጥሪዋለሽ እንዴ?" አለችኝ። ምንም አልኳት። ዝም አይነቅዝም ይባላል... ውሸት። የእኔ ነቅዟል። አርባ ዓመት የቆረጡ ሰውዬ በእኔ ምክንያት ዓይናቸውን ይጠራጠሩ? አፈርኩ። በራሴ አፈርኩ። ስጽፈው እንኳን ፊቴ ይግላል።

ኅዳር 20
ቤታቸው ሄድኩ። ብርቱካን ይዤ፣ እንደ በሽተኛ ጠያቂ! ጋሼ ወፍራም መነጽር አድርገው አሮጌ ጋዜጣ በመቀስ ይቆርጣሉ። ቀጥ ብሎ ይሄድ እንደሆነ ሊያዩ።
"ሐኪሙ ለማንበቢያ ብቻ ነው ብሎኛል። እኔ ግን አላወልቀውም። ዓይኔን አላምነውም።"

ነገርኳቸው። ማዞሬንም፣ መደፍጠጤንም። መነጽሩን አወለቁና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት።
"ጠይቄሽ ነበር አይደል?"
"ጠይቀውኛል ጋሼ።"
"በርሽ ላይ ቆሜ?"
"በሬ ላይ ቆመው።"
"እሱንም በሕልሜ መስሎኝ ነበር እኮ... ጃጀሁ ብዬ ነበር።" ቀጥለውም "እጄ ነግሮኝ ነበር። ሥዕልሽን አመንኩ" አሉ።

ምናለ ቢሰድቡኝ! ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ብርቱካኑን የት እንደማስቀምጠው ጠፋኝ።

ኅዳር 21
ለእትዬ ነገርኳቸው፣ በሠራተኛው ሁሉ ፊት። ጋሼ የተዋረዱት በሰው ፊት ነዋ። አንዱን ጋውን ለብሼ ጀርባዬን አሳየኋቸው። እትዬ ስለ ወፎቹ አንዲት ቃል አልተናገሩም። "ሳምንት ሙሉ ዝም አልሽ?" ብቻ አሉኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ምን ነበረበት? ከሰዓት በኋላ ራሳቸው ጋሼ ቤት ሄዱ።

ኅዳር 27
ጋሼ ተመለሱ። እትዬ እርስዎ ይሏቸዋል። ጀርባዎቹ በአዲስ ጨርቅ እየተቆረጡ ነው፣ ትከሻ ላይ ስፌት ሊገባ። አሮጌውን የጎን ስፌት የምተረትረው እኔ ነኝ። ማንም አላዘዘኝም። አሥራ አንድ ደርሻለሁ።

ጋሼ ሰላም ይሉኛል፤ ልጄ ግን አይሉኝም። ሥዕል ስሰጣቸው ይቀበሉኛል፣ ምንም አይጠይቁኝም። ጨርቁን ራሳቸው ትከሻቸው ላይ ጥለው ያዩታል። ይኼ ከስድብ ይብሳል።

ታኅሣሥ 2
ሃያ ስድስት። መተርተሪያው ጣቴን ወጋኝ። ይበለኝ።

ታኅሣሥ 4
ሠላሳኛው አለቀ። ሲስተር መጥታ ወሰደቻቸው። ወፎቹን ከኋላም ከፊትም አየቻቸውና "ዳኑ" ብላ ሳቀች። ጋሼም ሳቁ። እኔ አልቻልኩም።

ታኅሣሥ 9
አዲስ ሥራ። ዓሣ ያለበት ጨርቅ፣ ለሌሊት ልብስ። ዓሦቹን ፎቶው ላይ እያለበስኩ ነበር። ቀና ስል ጋሼ የክፍሌ በር ላይ ቆመዋል። ሜትራቸው አንገታቸው ላይ። መነጽር የለም።
"ልጄ፣ እነዚህ ዓሦች በየት በኩል ነው የሚዋኙት?"

መልሱ ስክሪኑ ላይ ነበር። "አላውቅም ጋሼ" አልኩና ተነሣሁ። ተከትያቸው ወደ መቁረጫው ጠረጴዛ ሄድኩ። ጨርቁን ከጥቅሉ ፈትተው ትከሻዬ ላይ ጣሉት።
"እስቲ ዙሪ" አሉኝ።
ዞርኩላቸው።