እጁን ያላነሳ ተጋጣሚ

ውድ ልጄ፣

«ውድ» ያልኩህ ደብዳቤ በዚህ ቃል ስለሚጀመር ነው። ከዚያ በላይ ትርጉም አትፈልግለት። ደህና ነህ ወይ ብዬም አልጠይቅህም፤ ደህና መሆንህን ከእህትህ እሰማለሁ። እናትህ ግን ደህና አይደለችም። ሐኪሙ ኮሪደር ላይ ለብቻዬ ጠርቶ «ከእንግዲህ ቤቷ ብትሆን ይሻላል» አለኝ። ስንት ቀን ቀራት ስለው የያዘውን ወረቀት ማገላበጥ ጀመረ። ገባኝ።

«እሱ ያለበትን ቤት አልረግጥም» ካልክ ዘጠኝ ዓመት አለፈ። ምክንያትህን ማንም እንዲያስታውሰኝ አያስፈልግም። የደንበኛ የስፌት መኪና አድርስ ብዬ ላክሁህ። አንተ መኪናውን ጌም ቤቱ በር ላይ አስቀምጠህ ውስጥ ገብተህ ስትጫወት ዝናብ ወረደበት፣ ሞተሩ ውስጥ ውሃ ገባ። ልብስ ሰፊዋ ሱቄ መጥታ ስታለቅስ ግድግዳው ላይ ከተሰቀሉት የስፌት መኪና ቀበቶዎች አንዱን አውርጄ በእሷና በሠራተኞቼ ፊት መታሁህ። ሃያ ዓመትህ ነበር፣ ጢም አብቅለህ ነበር። ሴትየዋ ራሷ ማልቀሷን ትታ «ይበቃዋል ጋሼ፣ እኔ ይቅር ብዬዋለሁ» እያለች እጄን ያዘች። አላቆምኩም። ያቆምኩት ትከሻዬ ሲደክመኝ ነው። ይህን የምጽፈው ተጸጽቶ ጻፈልኝ እንድትል አይደለም። የሆነው እንደሆነው ይቀመጥ ብዬ ነው።

እህትህ የእናትህን ነገር ልትነግርህ የደወለች ዕለት አጠገቧ ተቀምጬ ነበር። የስልኩን ድምፅ ከፍ አድርጋ ታወራ ስለነበር ሁሉንም ሰማሁ።

«እማዬ ልታይህ ትፈልጋለች» አለችህ።

«እሱስ አለ?»

«የት ይሂድልህ? ቤቱ እኮ ነው።»

ከዚያ ሳቅህ። ዛሬም የምትስቀው በአፍንጫህ ነው። «ጌም የሰነፍ ሥራ ነው ይል አልነበር? እሺ፣ እስቲ እሱም ይሞክረው። የድብድቡን ጌም ይማርና አንድ ዙር ያሸንፈኝ። የዚያኑ ቀን እመጣለሁ በይው።»

«አንተ፣ ሰውዬው እኮ ሰባ አራት ዓመቱ ነው!»

«እኔም ሃያ ዓመቴ ነበር» አልካትና ዘጋህ።

እህትህ «ተወው አባዬ፣ እልህ ይዞት ነው፤ እኔ እለምነዋለሁ» አለችኝ። ሴት ልጄ ማንንም አትለምንልኝም። «የጌም ማጫወቻ ነገ ይዘሽ ነይ» አልኳት።

ቴሌቪዥኑ ያለው እናትህ በተኛችበት ክፍል ስለሆነ ትምህርቱ የተጀመረው እዚያው፣ ከአልጋዋ ግርጌ ባለች በርጩማ ላይ ነው። የስፌት መኪና መጠገን ማንም እንዳላስተማረኝ ታውቃለህ። የመጀመሪያዬን መኪና ፈትቼ፣ እያንዳንዱን ብሎን በወጣበት ተራ ጨርቅ ላይ ደርድሬ ነው የተማርኩት። ማንበብም የለመድኩት ከመለዋወጫ ካርቶኖች ላይ ነው። ይህንንም እንደዚያው ፈታሁት። ደብተር ገዛሁ። አራት ማዕዘን ያለበት ቁልፍ ቀላል ቡጢ፣ ሦስት ማዕዘን ያለበት ከባድ ቡጢ፣ ክቡ ርግጫ፣ ከላይ በቀኝ በኩል ያለው መያዝና መጣል። በአውራ ጣት የሚገፋውን ዘንግ ወደ ኋላ ስትስበው ቴሌቪዥኑ ላይ ያለው ሰውዬ እጆቹን ፊቱ ላይ አጥፎ ይመክታል። ሁሉንም ጻፍኩ።

ጌሙ የልምምድ ክፍል አለው፤ ወለሉ በካሬ የተሰመረ ባዶ አዳራሽ ነው። እኔ መጀመሪያ መምታት ያስተምረኛል ብዬ ነበር። የለም። መጀመሪያ የሚያስተምረው መመከት ነው። አሥር ቡጢ በተከታታይ ካልመከትክ ወደሚቀጥለው አያሳልፍህም። ሦስት ቀን ፈጀብኝ። መርፌ የበሳው ሌባ ጣቴ እንደማይታጠፍ ታውቃለህ፤ በመሀል ጣቴ መጫን ለመድኩ።

«አባዬ፣ ዝም ብለህ ሁሉንም አትጨፍልቀው!» ትላለች እህትህ። «እሱ ምን ሊያደርግ እንደሆነ መጀመሪያ እይ።»

«ሳየው ይመታኛል እኮ!»

«ሳታየውም እየመታህ ነው።»

እናትህ በዚያ ሰሞን ቀና ብላ ትራስ መደገፍ ትችል ነበር። ዓይኗን ከቴሌቪዥኑ አትነቅልም። «ይኸው ደግሞ ተዘረረ!» ትላለች። አንድ ቀን አሥሩን ስቆጥር ዘጠነኛው ላይ አፍንጫዬን ሲለኝ ሳቀች፣ ሳቁ ሳል ሆነባት፣ ሳሉን ጨርሳ ምን አለች መሰለህ? «አንተ ሰውዬ፣ ዕድሜህን ሙሉ ስትመታ ኖረህ አንድ ቡጢ መመከት አቃተህ?» እህትህ ጣሪያ ጣሪያውን አየች። እኔ ልምምዱን ከአንድ ጀመርኩ።

በሁለተኛው ሳምንት የጌሙ ምስጢር ገባኝ። ሦስት መስመር ነው፣ ደብተሬ ላይ በትልቁ ጻፍኩት። ቡጢ ሊይዝህ የሚመጣውን ያስቆማል። መመከት ቡጢን ያስቆማል። መያዝ ደግሞ የሚመክተውን ይሰብራል። እጁን አጥፎ የቆመን ሰው መቶ ቡጢ ብታወርድበት ምንም አይሆንም፤ ቀርበህ አንቀህ ነው የምትጥለው። ይህን ካወቅሁ በኋላ የልምምድ ክፍሉ ተጋጣሚ አላሸነፈኝም። በአሥራ ዘጠነኛው ቀን «ዝግጁ ነው በይው» አልኳት።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከቤትህ ሆነህ በኢንተርኔት ጌሙ ውስጥ ገባህ። አንተ ኮፍያ ያጠለቀውን ቀጭን መረጥክ። እኔ የመረጥኩት ወፍራሙን መላጣ ነው፤ እህትህ ከእኔ ጋር ይመሳሰላል ትላለች። ደወሉ ተደወለ። አንተ ወደ እኔ አልመጣህም። እጅህን ፊትህ ላይ አጥፈህ ቆምክ። ተንኮል መሰለኝ፤ በቀላል ቡጢ ሞከርኩህ፣ መከትክ። በከባዱም፣ በርግጫም መከትክ። ወደ ኋላ እንኳ አላልክም። ተጠጋሁ፣ አነቅሁህ፣ ጣልኩህ። ተነሣህ፣ እንደገና እጅህን አጥፈህ ቆምክ። እንደገና ጣልኩህ።

አራተኛው ላይ እህትህ ክንዴን ነካችኝ። «አባዬ፣ ቆይ። እየተጋጠመህ እኮ አይደለም።»

«ዙሩ አላለቀም» አልኳት።

እናትህ ከጀርባዬ «ተው» አለች። አንድ ጊዜ ብቻ ነው ያለችው፣ ሰምቻታለሁ። ስምንት ጊዜ ጣልኩህ። በስምንተኛው አልተነሣህም፤ ማሸነፌን የሚናገረው ጽሑፍ ወጣ።

ከዚያ ድምፅህ በቴሌቪዥኑ መጣ። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ለእኔ የተናገርከው የመጀመሪያው ነገር ይህ ነው።

«አንድ ጊዜ እንኳ እጄን አላነሳሁብህም። አላየህም?»

«አይቻለሁ።»

«ታዲያ ለምን አላቆምክም?»

«ገና አልተሸነፍክማ።»

«አንድ ጊዜ ብታቆም እመጣ ነበር» አልክ። «ጫማዬን አስሬ ነው የተቀመጥኩት። የመኪናዬ ቁልፍ ጭኔ ላይ ነው።» እናትህ ስምህን ጠራች። አልሰማህም፤ ዘግተኸው ነበር።

አሁን የእኔን ስማ። አጭበርባሪው አንተ ነህ። «አንድ ዙር ያሸንፈኝ» ነው ያልከው። ቢያቆም፣ ቢራራ፣ ቢገባው አላልክም። ሰው አንድ ሕግ በአፉ ተናግሮ ሌላ ሕግ በሆዱ ይዞ ከተቀመጠ ጨዋታው ጨዋታ አይደለም። ሰባ አራት ዓመቴ ላይ፣ በማይታጠፍ ጣት፣ የሰነፍ ሥራ ያልኩትን ነገር አሥራ ዘጠኝ ቀን ተምሬ ያልከኝን አደረግሁ። አንተ ያልከውን አላደረግህም። ለእኔ ብትዋሽ ግድ የለኝም፤ የዋሸኸው በአልጋ ላይ ላለች እናትህ ነው። እኔን ለመቅጣት እሷን ዱላ አደረግሃት። እንዲህ ያለ ልብ ከየት እንዳመጣህ አልጠይቅም፤ ሳይህ ራሴን አያለሁ፣ ደስም አላለኝም። መመከቱን ግን ጎበዝ ነህ። ማን እንዳስተማረህ ሁለታችንም እናውቃለን።

ይኸው ስድስት ቀን ሆነ። እናትህ ከዚያች ቅዳሜ ወዲህ ካልጠየቅኋት አታናግረኝም። ስመግባት አፏን ትከፍታለች፣ ያ ብቻ ነው። ከትናንት ወዲያ ጎኗን ሳዞራት ጠየቅኋት።

«ሁለታችንም አንድ ላይ አንሆንልሽም። መጨረሻሽ ላይ አጠገብሽ ማን ይሁን? እሱ ወይስ እኔ?»

ዓይኗን አልገለጠችም። «እሱ» አለች።

አርባ አንድ ዓመት አብረን ኖረናል፤ ለአንድ ትንፋሽ ያህል እንኳ አላመነታችም። ምናልባት ጥያቄው አልገባት ይሆናል ብዬ «የምልሽን ሰምተሻል?» አልኳት።

«ሰምቻለሁ። ውሃውን ስጠኝና ሂድ።»

ስለዚህ ነገ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ እወጣለሁ። ሱቁ ጀርባ አልጋ አለኝ። ቁልፉን ለእህትህ ሰጥቻታለሁ፤ ይህን ደብዳቤም የምታደርስልህ እሷ ናት። እናትህ አልፋ ነገሩ እስኪያበቃ ድረስ አልመለስም፣ ልመለስ ብዬም አላስቸግርህም። ቃሌን እንደምጠብቅ ባለፈው ቅዳሜ አይተሃል።

የምትሠራውን ልንገርህ። የሕመም ማስታገሻዋ በየስድስት ሰዓቱ ነው፤ አታሳልፍ። በየሁለት ሰዓቱ ጎኗን አዙራት፣ ወደ ግራ ስትዞር ትጮሃለች፣ አንተም ትደነግጣለህ፤ ግን ካልዞረች ጀርባዋ ይቆስላል። ውሃ በማንኪያ፣ ጭንቅላቷን በክንድህ ደግፈህ። መጋረጃውን ጠዋት ክፈትላት፣ ከሰዓት ዝጋው። እግሯ ይበርዳታል፤ እሷ አትናገርም፣ አንተ ንካና እወቅ።

ይቅርታ አልጠይቅህም። ያልተሰማኝን አልጽፍም፤ የተሰማኝን ደግሞ ለአንተ አልሰጥም። የምሰጥህ ቦታዬን ነው፣ እሱንም እሷ ስለጠየቀች።

በሩን ከፍተህ ስትገባ ድምፅ ሰምታ «ሄዷል?» ትልህ ይሆናል። ሄዷል በላት። ደስ ይላታል።

አባትህ