አራስ ቤት ላይ ያጋደለው ባሕር ዛፍ

ሰኞ

መጋዙ ዛሬም አልነሳ አለ። ባሌ ታደሰ የማስነሻ ገመዱን ሲጎትት ዋለ፤ "እርርር" ይልና ጸጥ። አልጋዬ ላይ ሆኜ ጥርሴን ነከስኩ።

ከእህል በረንዳ ጀርባ ያለችው የጭቃ ቤታችን ላይ ትልቁ ባሕር ዛፍ አጋድሏል። የቅዳሜው ንፋስ ግንዱን ሰነጠቀው። ቢወድቅ የሚያርፈው እኔና ልጄ የተኛንበት ክፍል ላይ ነው። በመጥረቢያ ቢመቱት በንዝረቱ ብቻ ይወርድብናል ተባለ፤ ስለዚህ ባሌ ከሚሠራበት ጣውላ ቤት ትንሽ የሞተር መጋዝ ተውሶ አመጣ። ክረምቱን ሙሉ ጥግ ተጥላ የከረመች።

እንግዲህ ዛፉ እስኪቆረጥ ውጪ ይሉኛል እንዳልል፣ የሚለኝ የለም። ሴት ልጅ የወለደች ሰማንያ ቀን ሳይሞላት፣ ልጅቷ ክርስትና ሳትነሳ ከደጅ አትወጣም አሉ አማቴ፣ እትዬ አስካለ። "ቤቱ ቢፈርስብንስ?" ብላቸው፣ "እግዚአብሔር ይጠብቃል፤ የሰው ዓይን ግን አይምርም" አሉኝ። ታደሰ የእናቱን ቃል ከሚሰብር ዛፉ ቢሰብረን ይመርጣል። ወንድ ተብዬ!

ማክሰኞ

በአባቴ ጋራዥ ውስጥ ነው ያደግኩት፤ ሞተር በጆሮዬ ይታወቀኛል። "እሳት የምትሰጠውን ካንዴላ ፍታና እያት!" ብዬ በግድግዳው በኩል ጮህኩ። ደረቅ ናት አለ። ደረቅ ከሆነች ቤንዚን አይደርሳትም ማለት ነው። ቋቱ ውስጥ የነበረው ከበጋ ጀምሮ የተኛ፣ የሸተተ ነገር ነበር። አስደፋሁት። ታደሰ ጎረቤታችን ከሸምሱ፣ ቤንዚን በጀሪካን ከሚቸረችረው፣ አዲስ ገዝቶ የሞተር ዘይት ደባልቆ ሞላ።

ተነሳ! እልል ልል አፌን ስከፍት ጠፋ። ደግሞ ተነሳ፣ ደግሞ ጠፋ። ቤንዚኑን ከአየር የሚቀላቅለው ካርቡራተር ውስጥ ያለችውን ጠብታ ይልስና አለቀልኝ ይላል።

እትዬ አስካለ "አራስ እንዲህ ትጮኻለች እንዴ? ኧረ ስድ!" አሉ። ስጽፍ ደግሞ "ዓይንሽ ይፈዛል" ይላሉ። ይፍዘዝ! እሳቸውን ከማይ ምናለበት።

ረቡዕ

ጠብ። ታደሰ "ውሃ የገባበት ቤንዚን ሸጥክልኝ" ብሎ የሸምሱን አንገት አነቀ። ሸምሱ "በንጉሥ አምላክ ልቀቀኝ! ከዚሁ ጀሪካን ስንቱ ሾፌር ቀድቶ ሄደ!" ይላል። ሰፈርተኛው ገላገለ። "በጠርሙስ ቅዱና አስቀምጡት፤ ውሃ ካለው ከሥር ይዘቅጣል" አልኩ፤ ማን ሰማኝ። በመጨረሻ ሸምሱ ራሱ በጠርሙስ አስቀመጠው። ጥርት ያለ። ታደሰ ይቅርታ እንኳ አላለውም። ሸምሱም ከእንግዲህ ለእናንተ ጠብታ አልሸጥም ብሎ ምሎ ገባ።

የቋቱን ክዳን መተንፈሻ ቀዳዳ በመርፌ አስጠረግሁ፤ አየር ካልገባ ቤንዚን አይወርድምና። ያው ነው፤ ይነሳል፣ ይጠፋል።

ከሰዓት ንፋስ መጣ። ግንዱ ጓ አለ። ልጄን ደረቴ ሥር ወሸቅኋት። በዚያች ሰዓት ከዛፉ ይልቅ አማቴን ጠላኋቸው።

ሐሙስ

"ቋቱ ውስጥ፣ በቱቦዋ ጫፍ ላይ ማጣሪያ አለች፤ አውጥተህ አምጣልኝ" አልኩት። እትዬ አስካለ በሩ ላይ ተገተሩ። "ቤንዚን አራስ ጋ? ምች ይምታት ነው የምትለው? እኔ በቁሜ እያለሁ አይገባም!" ታደሰ እንደ ልማዱ መሬት መሬት አየ።

ፈነዳሁ። "ካላመጣህ ልጄን ይዤ አሁኑኑ እወጣለሁ! ቡዳም ይብላኝ፣ ምችም ይምታኝ!" እግሬን ከአልጋ አወረድኩ። አመጣ። አማቴ ዳማከሴ አሽተው አፍንጫዬ ሥር ደቀኑ።

ማጣሪያዋ የጣት ጫፍ ታክላለች። ዙሪያዋን ነጭ ነገር ለብሳለች። በጥፍሬ ፋቅሁት። ጥጥ! ቤንዚን ውስጥ ጥጥ ምን ይሠራል?

"ማን ነው የቀዳው?"

"እማዬ አጥልላ ነው የምትሰጠኝ" አለ።

ጠላ በጨርቅ ይጠለል የለ? እትዬ አስካለም መጋዙ ለምን ቆሻሻ ይጠጣል ብለው፣ ለክርስትናው ያሠሩትን አዲስ ነጠላ ዘርግተው ሲያጠልሉ ከርመዋል! የአዲስ ነጠላ ጥጥ ደግሞ እየበነነ ማጣሪያዋን ይደፍናል። ሳቄም ልቅሶዬም አንድ ላይ መጣ። "ሰሞኑን ሙሉ ሊያስጨርሱን የነበሩት እርስዎ ነዎት!" አልኳቸው።

"ንጹሕ ይሁን ብዬ ነዋ" አሉና ቤንዚን ቤንዚን የሚሸተውን ነጠላ ታቅፈው ወጡ። አላዘንኩላቸውም።

ማጣሪያዋን አሳጠብኩ፣ ቋቱን አስለቀለቅኩ። ታደሰን ደግሞ ሸምሱ ደጅ ይቅርታ እንዲል ላክሁት። አንገቱን ደፍቶ ሄደ፤ ጀሪካኑን ሞልቶ ተመለሰ።

ዓርብ

ተነሳ። አልጠፋም። ድምፁ ወጥ፣ ጥጋበኛ። እፎይ!

ሰፈሩ ሁሉ ግልብጥ ብሎ ወጣ። ሸምሱ ከጎረምሶች ጋር ገመድ አስሮ ዛፉን ወደ አጥሩ ይስባል፣ ታደሰ ከሥር ይቆርጣል። ከመጀመሩ በፊት በመስኮቱ "እማዬ፣ ውጪ!" አለ። እኔንም ውጪ ቢለኝ እወጣ ነበር። አላለኝም፤ ይህን አልረሳለትም።

እትዬ አስካለ አልወጡም። "አራስ ብቻዋን አትተውም" አሉና በሩን ዘጉ።

መጋዙ ጮኸ። ግንዱ ሲሰነጠቅ ቤቱ ተናወጠ፣ ከጣሪያው አፈር ወረደ። ያን ጊዜ ሴትዮዋ አልጋዬ ላይ ወጡና እኔና ልጄ ላይ ተደፉብን። ጥርሳቸው ሲንገጫገጭ ይሰማኛል። ነጠላቸው ዛሬም ቤንዚን ይሸታል።

ዛፉ አጥሩን ሰብሮ መንገዱ ላይ ተዘረረ። ውጭ እልልታው ቀለጠ።

"ተነሱ እንግዲህ እትዬ፣ ከበዱኝ" አልኳቸው።

"ዝም በይ፤ ቅርንጫፍ ይቀር ይሆናል" አሉኝ።

አልተነሱም። እኔም ሁለተኛ ተነሱ አላልኳቸውም።