ሁሉንም የሳቱት እማማ የብርጓል

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 11
ቀኑን ሙሉ ዝናብ። በዚህ ወር ምን ይሉታል? ታካሚም አልመጣ። ከሰዓት በኋላ የአረጋውያን መጠለያው ኃላፊ ደወሉልኝ። ነገ ባልና ሚስት ይልካሉ፣ ከይጁቤ የመጡ። መጠለያው የሚቀበለው አእምሯቸው የደከመ አረጋውያንን ብቻ ነው። አምና ጤነኛ ሆነው የገቡ ስለተገኙ አሁን ያለ እኔ ምርመራ ማንንም አያስገቡም። "ትሕትና፣ አስመሳይ እንዳታሳልፊብን" አሉኝ እየሳቁ። እኔም ሳቅኩ።
ራት ዳቦ በሻይ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 12
መጡ። አባባ እንዳላማውና እማማ የብርጓል። ያመጣቸው ልጃቸው አበረ ነው፤ እዚሁ ማርቆስ ሹፌር ነው፤ ቤቱ ካመጣቸው ቆይቷል። "ሁለቱም አእምሯቸው ደክሟል" አለኝ። "እኔ ቀን ቤት አልውል። አባቴ በር ከፍቶ ይጠፋል። ባለፈው ወንዝ ዳር ነው ያገኘነው።"
የአባባ ግልጽ ነው። ዘንድሮ ስንት ዓመተ ምሕረት ነው ብላቸው "እሱን ንጉሡ ያውቃሉ" አሉ። አንጀቴን በሉት።
ከዚያ እማማ ገቡ። የልጆችዎ ስም? "ልጅ የለኝም።" አበረ በሩ ላይ ቆሞ ነበር... ፊቱን አዞረ። እጅዎ ላይ ስንት ጣት አለ? "አራት።" እዚህ ላይ ጠረጠርኩ። በጣም የደከመ ሰው እንኳ እንዲህ አይመልስም።
ሥዕሎቹን አወጣሁ። ማጭድ፣ ቁልፍ፣ ዶሮ፣ ወንበር... አንድ በአንድ አሳየኋቸው። ቀጥዬ እያንዳንዱን ካላዩት ሥዕል ጋር አድርጌ "ቅድም ያሳየሁዎት የቱ ነው?" እያልኩ ጠየቅኩ። ምንም የማያስታውስ ሰው በግምት ብቻ ግማሹን ያገኛል። አባባ እንኳ ከግማሽ በላይ አግኝተዋል። እማማ ሁሉንም ሳቱ ማለት ይቻላል። ሁሉንም ለመሳት ደግሞ ትክክለኛውን ማወቅ ያስፈልጋል።
ሲሄዱ በመስኮት አየኋቸው። የባላቸውን ኮት ቆልፈው፣ ክንዳቸውን ይዘው፣ ጭቃ በሌለበት በኩል እየመሩ ወሰዷቸው።
ያዝኳቸው!

ሐሙስ፣ ጥቅምት 13
ውጤቱን ጻፍኩ። ባልየው ታመዋል። ሚስትየው ሆን ብለው ያስመስላሉ። ላክኩት። ነርሱ ጌቱ "አንቺን እኮ ማታለል አይቻልም" አለኝ። ደስ አለኝ። ለምን እንዳስመሰሉ ግን... እንጃ። ያለ ሐሳብ መጦር ፈልገው ይሆናል።

ሰኞ፣ ጥቅምት 24
እማማ የብርጓል ብቻቸውን መጡ። ወንበር ብሰጣቸው አልተቀመጡም።
"ወሰዱት፣ ልጄ። እኔን ከበር መለሱኝ። ጤነኛ ናት ብለሻል አሉ።"
"ጤነኛ ነዎት እኮ፣ እማማ።"
"ጤነኛ መሆኔን አጥቼው ነው? ሳገባው ልጅ ነበርኩ። አሁን ሲባንን እጄን ካልያዘ አይተኛም። እዚያ ማን እጁን ይሰጠዋል? አብሬው የምገባበት ሌላ መንገድ ቢኖር አበረ እየሰማኝ ልጅ የለኝም እል ነበር?"
"ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?"
"መች ጠየቅሽኝ?"
በቁጣ አልነበረም የተናገሩት። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። ከእሳቸው በኋላ የመጣውን ሰው ምን እንደጠየቅኩት አላስታውስም።

ረቡዕ፣ ኅዳር 3
መጠለያው ሄድኩ። ኃላፊውን ለመንኩ፤ እማማ አስታማሚ ሆነው ይግቡ አልኩ። "ደንብ አይፈቅድም። አልጋውም ተይዟል። ደግሞስ አስመሳይ ናቸው ብለሽ የጻፍሽው አንቺ አይደለሽም?" ብዙ ከተከራከርን በኋላ በየቀኑ ከጠዋት እስከ ምሳ እንዲገቡ ፈቀዱ። ከዚያ በላይ እንዳልጠይቃቸው አስጠነቀቁኝ።
አባባን አየኋቸው። ከስተዋል። ሌሊት በር እየደበደቡ ስላስቸገሩ የሚያስተኛ መድኃኒት ይሰጧቸዋል። አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ዓይናቸውን ከመሬት አላነሱም።

አርብ፣ ኅዳር 12
የሚካኤል። ቤተ ክርስቲያን ሄጄ ቆምኩ። ምን ብዬ እንደምጸልይ ጠፋኝ።

እሑድ፣ ታኅሣሥ 19
ከቅዳሴ በኋላ ወደ መጠለያው። እማማ ቀድመውኛል። ከአበረ ቤት በእግራቸው ነው የሚመጡት፣ በየቀኑ። እንጀራውን በሽሮ አድቅቀው እየፈተፈቱ ያጎርሷቸዋል። አባባ እንደ ሕፃን አፋቸውን ይከፍታሉ። የእማማን ስም አይጠሩም። እማማም ማን ነኝ ብለው አይጠይቁም። ከእኔ ጋር አሁን ሰላም ነን... ሰላምታ እንለዋወጣለን ማለቴ ነው። እኔን ሲያዩ ፊታቸው ቀዝቀዝ ይላል።
አሁን ሥራ ላይ ማንም ሲያስመስል ካየሁ፣ ከመጻፌ በፊት በሩን ዘግቼ ለምን እንደሆነ እጠይቃለሁ። አንዳንዱ ይነግረኛል። ለእማማ ግን አልደረስኩም።
ምሳ አለቀ። ጥበቃው "እናቴ፣ ሰዓት ደርሷል" አላቸው። የባላቸውን አፍ ጠርገው፣ ነጠላቸውን አጣፍተው ወጡ። አባባ በሩን ሲያዩ ቆዩና ወደ እኔ ዞሩ።
"ያቺ ሴትዮ ደግ ናት።"
"አዎ፣ አባባ።"
"ባል የላትም?"
"ባል አላቸው።"
እንደገና ወደ በሩ ዞሩ።
"ታዲያ ምነው ብቻዋን ይለቃታል?"