ቦታ የምትቀይረው ነጥብ

ለማንም ነግሬ የማላውቀውን በዚህች ካርድ ልንገርሽ። ፎቶ ቤት ስሠራ፣ ሟቹ ባለቤቴ ከበረንዳችን የሚያነሳቸውን የምሽት ሰማይ ፎቶዎች አጥቤ የማስተካክለው እኔ ነበርኩ። አቧራ የተወውን ነጭ ነጥብ ሁሉ በቀጭን ብሩሽ አጠቁረዋለሁ። ከዋክብቱ አሰላለፋቸው በየፎቶው አንድ ስለሆነ አልነካቸውም። አንዲት ነጥብ ግን በየጊዜው ቦታ እየቀየረች ታስቸግረኝ ነበር፤ አቧራ ናት ብዬ ሁሌ አጠፋታለሁ። እሱ ፎቶውን ትክ ብሎ ያይና «ዛሬም ካሜራዬ አልያዛትም» ይላል። ማንን ብዬ አልጠየቅሁትም።

ዛሬ ባረፍኩበት ቤት ቁርስ ላይ አንዲት ሴትዮ ስልኳን ከፍታ በተለያየ ምሽት ያነሳቻቸውን ሁለት የሰማይ ፎቶዎች አሳየችኝ። ሰማዩ ቁርጥ የኛን በረንዳ ሰማይ ነው።

«ሰማይ ማየት ገና መጀመሬ ነው» አለችኝ። «ኮከቦቹ እንዳሉ ናቸው አይደል? ይቺ ግን እንደ ምራቴ አንድ ቦታ አትረጋም። ፕላኔት ናት።»

የሻዩን ስኒ ከአፌ መልሼ አስቀመጥኩት።

«ምነው እህቴ፣ አቃጠለሽ እንዴ?» ብላ ውሃ ቀዳችልኝ። አዎ አልኳት።

አንድ ፎቶ ግን ከብሩሼ ተርፏል። የተሰጣው አንሶላሽ ከሥር ስለታየበት፣ እየሳቅሽ ከቦርሳዬ ነጥቀሽ ሳሎንሽ የሰቀልሽው ነው። እስቲ መስታወቱን ወልውለሽ ካለች እይልኝ። ካለች ስመለስ አብረን እናያታለን። ልጆቹን ሳሚልኝ፣ ጉልበትሽን እግዜር ይማርልሽ፤ ካርዱ ሞላብኝ።

ይድረስ፦ ሳታውቅ ፎቶውን ላቆየችልኝ ጎረቤቴ፣ ለባለ አንሶላዋ።