ከነጩ ኮረብታ ያስቀረሁህ ስድስት ወር

ሆዴ ታከለ፣

ከተለየኸኝ ዓመት ከሁለት ወር ሆነ። ለሙት ዓመትህ መቃብርህ ላይ ስንሰበሰብ ቄሶቹም ዘመዱም ከብበውኝ ስለነበር የልቤን ሳልነግርህ ተመለስኩ። ዛሬ አስቴር ትምህርት ቤት ሄዳለች፣ ቤቱ ጭር ብሏል። ልጃችን ይህን ፊደል ስለማታነብ የፈለግኩትን ብጽፍ የሚታዘበኝ የለም።

መጀመሪያ የቤታችንን ልንገርህ። አሁንም ባሕሩ አጠገብ ያለው ሰፈራችን፣ ኤይን ሀትኽሌት ነን። ስትጨነቅበት የነበረው የሚያፈሰው የበረንዳ ጣሪያ ተሠርቷል። ጫማዎችህን ለወንድምህ ሰጠሁት፤ ይጠቡታል፣ ግን እያነከሰም ቢሆን ያደርጋቸዋል። አስቴር በቁመት አልፋኛለች። ስትቆጣኝ በዕብራይስጥ ነው፣ ስትታረቀኝ በአማርኛ።

አንድ ሌላ ነገርም አለ፣ ብትሰማው ትስቅብኛለህ። ብስክሌት መንዳት ለመድኩ።

ያን አረንጓዴውን ነው። ቃዲማ አጠገብ ባለው የብርቱካን ማሸጊያ ሥራ እንደጀመርክ አውቶቡስ እያመለጠህ ስትቸገር ጊዜ ከሹክ፣ ከገበያው፣ ገዝተህ እየገፋህ ያመጣኸውን። አርባ ስምንት ዓመትህ ነበር። በቅሎ ሲጋልብ የኖረ ሰው ሁለት ጎማ ላይ መቀመጥ አቅቶህ ከፎቁ በታች ስትወድቅ ስትነሳ፣ የሰፈሩ ልጆች ሲያጨበጭቡልህ፣ እኔ በኀፍረት መስኮቱን ዘጋሁ። አንተ ግን ከልጆቹ ጋር አብረህ ትስቅ ነበር። በሳምንቱ ሥራ ቦታህ በራስህ ደረስክ።

ከዚያ ቦሪስ መጣ። ከሩሲያ የመጣው፣ በአገሩ ስለ ድንጋይና ስለ ተራራ ተምሮ እዚህ ካንተ ጋር የብርቱካን ሣጥን የሚደረድረው ሰውዬ። ከኡልፓን፣ ከቋንቋ ትምህርት ቤቱ፣ በቃረማችሁት ዕብራይስጥ፣ የጎደለውን በእጃችሁ እየሞላችሁ እንዴት እንደምትግባቡ ይገርመኝ ነበር። ዓርብ ዓርብ በማለዳ ትወጣላችሁ። በባሕር ዛፎቹ ሥር የአሌክሳንደርን ወንዝ ይዛችሁ፣ በብርቱካን እርሻዎቹ መካከል ባለው የጠጠር መንገድ ወደ ምሥራቅ፣ ሜዳው አልቆ የኖራ ድንጋዩ ኮረብታ እስኪጀምር ትሄዳላችሁ። ሰንበት ሳይገባ ስትመለስ ቅንድብህ ሳይቀር በነጭ አቧራ ተሸፍኖ ዱቄት የተደፋብህ ትመስላለህ። ገላህን ሳትታጠብ ወሬው ይቀድምሃል። እዚያ ያለው ድንጋይ ውሃ ይጠጣል ትለኛለህ፤ ጅረቱ ስንጥቁ ውስጥ ገብቶ ይጠፋና ከሸለቆው ግርጌ ምንጭ ሆኖ ይወጣል። በክረምት ከስንጥቁ ሁሉ አበባ ይበቅላል።

አንድ ቀን፣ «ነይና አንድ ጊዜ እይው፣ ብስክሌት ላይ መውጣቱን እኔ አለማምድሻለሁ» አልከኝ። በዚህ ዕድሜዬ ቀሚሴን ሰብስቤ ሰው እንዲስቅብኝ ነው ወይ ብዬ ነገሩን ዘጋሁት። ሁለተኛ አልጠየቅከኝም።

የወደቅክበትን ዓርብ ሁለታችንም እናውቀዋለን። ዝናብ ዘንቦ ድንጋዩ አሟልጮ ነበር። ቦሪስ በሰው መኪና ጭኖ ከሐኪም ቤት ሲያመጣህ የእጅህ አንጓ ተሰብሮ፣ ግንባርህ ተሰፍቶ፣ ሸሚዝህ በደም ርሶ ነበር። አዲስ አበባ ወደዚህ የሚያመጣንን አውሮፕላን ስንጠብቅ ወንድ ልጃችንን ከቀበርን ወዲህ ደም ባየሁ ቁጥር ነፍሴ ትወጣለች፣ ታውቃለህ። እንዲያም ሆኖ የተናገርኩት ነገር ክፉ ነበር።

«ወይ ብስክሌቱ፣ ወይ እኔ» አልኩህ።

በደህናው እጅህ ጫማህን ፈታህ። ከዚያ፣ «አንቺ ካልሽ ይቅር» አልክ።

ብስክሌቱን ቦሪስ ወስዶ ዕቃ ቤቱ አስቀመጠው። ጀሶው በስድስት ሳምንት ወለቀልህ፣ እጅህም ዳነ። እኔ ግን ቃሌን አላነሳሁም። ስድስት ወር ጤነኛ ሆነህ ዓርብህን ቤት ዋልክ። ዓርብ ጠዋት የአረጋውያኑን ቤት ለማጽዳት ስወጣ በረንዳው ላይ ተቀምጠህ ትሸኘኛለህ። በስድስተኛው ወር ሐኪሙ በደምህ ውስጥ ያን የወሰደህን በሽታ አገኘ። ከዚያ በኋላ እንኳን ኮረብታ ደረጃውም ከበደህ። አልጋህ አጠገብ ቁጭ ብዬ የምቆጥረው እነዚያን ስድስት ወራት ነበር። ጤና የነበርክባቸውን የመጨረሻዎቹን ቀናት ቆልፌ ይዤብህ ነበር። ይቅርታ ልጠይቅህ እየፈለግኩ፣ ይቅርታ ከጠየቅኩህ ትሞታለህ ብዬ የማምን ይመስል አፌ አልፈታ አለኝ። ሳልጠይቅህ ሄድክ።

ከሙት ዓመትህ በኋላ ቦሪስ ብስክሌቱን እየገፋ መጣ። ጎማውን ቀይሮ፣ ሰንሰለቱን ዘይት ቀብቶ። ምን ላድርገው ብሎ ሲጠይቀኝ መቻል አቃተኝ፤ የከለከልኩት እኔ ነኝ፣ ያስቀረሁብህ እኔ ነኝ አልኩት። ቦሪስ ግራ ገብቶት አየኝ።

«ታከለ እጄን ያመኛል ነው ያለኝ» አለ። «ስለ አንቺ ምንም አላለም።»

ጓደኛህ እንዳይቀየመኝ ብለህ የዳነ እጅህን ስታሳብብ ኖረሃል። ያን ቀን ያለቀስኩትን ያህል ቀብርህ ላይም አላለቀስኩም። ቦሪስን ብስክሌቱን እዚሁ ተወው አልኩት።

ያስተማረችኝ አስቴር ናት። ባሕሩ አጠገብ ወዳለው የመኪና ማቆሚያ በጠዋት እየወሰደችኝ፣ ከቀሚሴ ሥር ሱሪ አስለብሳኝ፣ መቀመጫውን ከኋላ ይዛ። መሬት መሬቱን አትዪ ትለኛለች፣ እኔ መሬቱን አያለሁ፣ እወድቃለሁ። ጉልበቴ ተላላጠ። የጎረቤት ሴቶች ከባሏ ሞት ወዲህ አእምሮዋ ተነካ አሉ። ይበሉ። አንድ ጠዋት ዘወር ስል አስቴር ከኋላዬ የለችም፤ ሩቅ ቆማ እጇን ታውለበልባለች።

ባለፈው ወር፣ አንድ ዓርብ፣ ቦሪስና አስቴር ይዘውኝ ወጡ። መንገድህን ሄድኩበት፣ ታከለ። ወንዙ ዳር ትልልቅ ኤሊዎች ፀሐይ ሲሞቁ አየሁ፤ ስለ እነሱ ሳትነግረኝ ቀርተሃል። ዳገቱን አልቻልኩትም፣ ወርጄ ገፋሁ። ሸለቆው ውስጥ ስንደርስ የወደቅክበትን አሳየኝ አልኩት ቦሪስን። እኔ ሁለት ዓመት ሙሉ በሐሳቤ ገደል አድርጌው ነበር። ከአልጋ የማይሰፋ ጠመዝማዛ መንገድ፣ ጥቂት ልቅ ድንጋይ፣ ከጉልበት የማያልፍ ቦይ ነው። ለዚህች ነው የከለከልኩህ ብዬ እዚያው ድንጋዩ ላይ ተቀመጥኩ። ይቅር በለኝም ያልኩህ እዚያ ነው። ጮክ ብዬ አልኩት።

አስቴር አጠገቤ መጥታ ተቀመጠች። ለምን እንደማለቅስ ነገርኳት፤ በረንዳው ላይ ብቻህን ስላስቀመጥኩህ ዓርቦች።

«እማዬ፣ አባዬ እኮ ዓርብ ዓርብ በረንዳ ላይ አልነበረም» አለች። «አንቺ ሥራ ስትሄጂ እኛ ወደ ባሕሩ እንወርድ ነበር። እየሄድን ስለ አገር ቤት ይነግረኛል፤ ስለ አያቶቼ፣ ስለ ሞተው ወንድሜ። እነዚያ ዓርቦች የኔ ነበሩ።»

ለምን አልነገራችሁኝም ብላት፣ ስለ ልጁ ሲነሳ ስለሚያምሽ ብላ ነው የመለሰችልኝ። ወንድሟን ያወቀችው ካንተ ነው። እኔ ስሙን መጥራት ያልቻልኩትን ልጅ አንተ በስድስት ወር ውስጥ ወንድም አድርገህ ሰጥተሃታል። እዚያ ቁጭ ብለን፣ ከቀበርነው ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ እኔም ስለ እሱ ነገርኳት። ቦሪስ ራቅ ብሎ ድንጋይ እየገለበጠ ጠበቀን።

ስንመለስ ቁልቁለቱን ወረድኩት። መጀመሪያ ፍሬኑን ጨምድጄ፣ ኋላ ለቅቄ። ነፋሱ ሻሼን ሲፈታው ሳቅሁ። እውነቱን ልንገርህ፣ ያ ቁልቁለት እስኪያልቅ ረሳሁህ። ሜዳው ላይ ስደርስ ደነገጥኩ። ከዚያ አሰብኩትና፣ አንተ ብትሆን በዚህ አትቀየመኝም አልኩ።

እስካሁን ሳስብህ የምትመጣልኝ አልጋ ላይ ከስተህ ነበር። ከእንግዲህ በእግርህ እየሄድክ አስብሃለሁ፣ አንዴ በጠጠሩ መንገድ፣ አንዴ ከአስቴር ጋር በአሸዋው ላይ። የሞተውን ልጃችንንም ስም ካንተ ስም ጋር እጠራለሁ። ቦሪስ ከኮረብታው ማዶ እናንተም ያልደረሳችሁበት ሌላ ሸለቆ አለ ይላል። ዝናቡ ሲያባራ ሦስታችን እንሄዳለን። አንተ ባላየኸው አገር ላይም ቢሆን፣ እስካለሁ ድረስ ስምህ ከአፌ አይጠፋም።

ያንተው ወርቂቱ